ሩት ያልሰሙት ፏፏቴ

ባለፈው ወር ልጄ ሀያት ሥራ ከመግባቷ በፊት ሚኒያፖሊስ፣ ሲዋርድ ሰፈር ወዳለ አንድ ዳቦ ቤት ወሰደችኝ። በሩን ስትከፍተው የሄል ሽታ ፊቴን መታኝ። ሄል እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ነው፤ የኖርዌይ ዘር ያላቸው ሰዎች ደግሞ ዳቦ ውስጥ ያስገቡታል። እኔ ግን ሽታው ያስታወሰኝ ሻይ አይደለም። ማዘር ኢንግሪድ መጡብኝ፤ ሰማያዊ የሱፍ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ደረታቸው ላይ ዐሥራ አራት ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ አፍንጫቸውን ከአውቶቡስ መስኮት አስጠግተው ተራራ ሲያዩ። እግሬ ደፉ ላይ ቆመ። «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ ሀያት። «ደህና ነኝ፣ ግቢ» አልኳት። ደህና ግን አልነበርኩም።

ነገሩ የሆነው የሚኒያፖሊስ ትልቁ ድልድይ ወንዝ ውስጥ ከመውደቁ በፊት በነበረው ሰመር ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብጠየቅ አላውቀውም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ዘመን የምለየው በልጆቼ ጫማና በስልክ ካርድ ነው። ያን ጊዜ ሀያት ዐሥር ዓመቷ ነበር። ከሥሩ ጎማ ያለው ጫማ ካልተገዛልኝ ብላ አንድ ወር ሙሉ አልቅሳ አስገዝታኝ፣ የአፓርታማውን ኮሪደር ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተንሸራተተች ጎረቤት ታስቆጣብኝ ነበር። ታናሿ ዑመር ገና መብራት የሚያበራ ጫማ ላይ ነበር። ስልክ ካርድ አምስት ዶላር ነው። ሌክ ስትሪት ጥግ ላይ ካለው ሱቅ፣ ከሂናውና ከተምሩ አጠገብ እንደ ሎተሪ ተሰቅሎ ይሸጣል። በሳንቲም ፍቀሽ ቁጥሩን ስትመቺ አንዲት ሴት «ሃያ ሁለት ደቂቃ አለሽ» ትልሻለች፤ ዐሥራ ሦስተኛው ላይ፣ ዋናውን ነገር ልትናገሪ አፍሽን ስትከፍቺ፣ ጥርቅም ይላል። የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሆፕኪንስ ነበር። ሁላችንም ልባሽ ከሚሸጥበት ሳልቫጅ ሱቅ በሦስት ዶላር የተገዛ ወፍራም ጃኬት ከረጅም የጂንስ ጉርድ ጋር እንለብሳለን፤ ዛሬ ልጆቹ ፎቶውን እያዩ ይስቁብናል። አሁን ስልኩ በነጻ ሆኗል፣ ፊት ለፊት መተያየትም መጥቷል። ያን ጊዜ ድምፅ ብቻ ነበር የሚመጣው፤ እሱም ከመጣ ነው።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነበር። ማዘር ኢንግሪድ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ዴቪድ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። በሦስት ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው ሩት ደግሞ ኩን ራፒድስ፣ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበሩ። እሑድ እሑድ ዴቪድ ድራይቭ አድርጎ ይወስደናል። ሁለቱ እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቀመጡና ከሰባ ዓመት በፊት ሳህን የሰበረው ማን እንደሆነ ይከራከራሉ። እናታቸው ከኖርዌይ የመጡት በልጅነታቸው ነው። ያደጉበት እርሻ ከፊዮርድ ዳር፣ ማለት ባሕሩ እንደ ጣት ቀጥኖ ተራራ መሐል ከገባበት ቦታ፣ ከቤቱ ጀርባ ትልቅ ፏፏቴ የሚወርድበት ነበር አሉ። ከፏፏቴው የተነሣ የዚያ ቤት ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚነጋገረው።

«እናታችን እኮ አሜሪካ መጥታም አልተወችውም። ስታስተኛን እንኳ እየጮኸች ነበር» አሉ ሩት አንድ ቀን።

ማዘር ኢንግሪድ ያን አገር ሳላይ አልሞትም ብለው፣ ዴቪድ በመርከብ የሚዞር ጉዞ ገዝቶላቸው፣ እኔ ተንከባካቢ ሆኜ እንድከተላቸው ተወስኖ ነበር። ልንሄድ ሳምንት ሲቀረን ልንሰናበት ሄድን።

«ምን ላምጣልሽ?» አሏቸው እህታቸውን።

«ድንጋይ እንዳታመጪልኝ። ፖስትካርድም አልፈልግም፣ ዓይኔ አያይም። እዚያ ስትደርሺ ደውዪና ፏፏቴውን አሰሚኝ።»

«ከዚያ ስልክ ስንት እንደሚያስከፍል ታውቂያለሽ?»

«ገንዘብሽን ለማን ልትተዪው ነው? ለዴቪድ?»

«እዚሁ ነኝ እኮ፣ አክስቴ» አለ ዴቪድ ከወንበሩ።

«እንድትሰማ ነው የተናገርኩት» አሉ ሩት። ሁሉም ሳቀ። ማዘር ኢንግሪድ እጃቸውን ዘርግተው እህታቸውን ጨበጡ፤ «አሰማሻለሁ» አሉ። እኔ የሩትን ትራስ እያስተካከልኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

እኔ ከልጅነቴ ፈሪ ነኝ። ቤቴን ስቆልፍ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። የልጆቼ አባት የጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር ከሳምንት አምስት ቀን ቤት የለም፤ ልጆቹን የሚጠብቅልኝ የፎቁ ጎረቤታችን፣ የደሴዋ እትዬ ሉባባ ነበረች። የዑመርን የአስም መድኃኒት፣ የሐኪሙን ስልክ፣ የሚበላውንና የማይበላውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ። በመጨረሻ በር ላይ ቆሜ፣ «ምድጃውን ዘግቻለሁ አይደል?» ስል እትዬ ሉባባ ሻንጣዬን በእግሯ ገፋችው። «ከድጃ፣ ምድጃው እንደሆነ ካንቺ የተሻለ ጭንቅላት አለው። ሂጂልኝ! ልጆቹን ጠብሼ ልበላቸው መሰለሽ?» እያለቀስኩ ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ አዲሱ ሰማያዊ ፓስፖርቴ ነበር፤ ከሚኒያፖሊስ ኤርፖርት መርከቡን እስከምንሳፈርበት ከተማ ድረስ እጄን ከላዩ አላነሣሁም።

መርከቡ የሆፕኪንስን አፓርታማዎች ሁሉ አንዱን ባንዱ ላይ ቢደራርቡት ያክላል። ሥጋው ሐላል ይሁን አይሁን ስለማላውቅ ስምንት ቀን ሙሉ ዓሣ፣ ድንችና እንቁላል ነው የበላሁት። የመጀመሪያውን ቀን የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ማዘር ኢንግሪድ አዩኝ። «መርከቡ ከሰጠመ እኔን ትተሽ ሂጂ፤ እኔ ኑሮዬን ጨርሻለሁ» አሉ። «እርስዎን ትቼ ብመለስ ዴቪድ ምን ይለኛል?» ብላቸው፣ «ውርሱን ቶሎ ስላገኘ ያመሰግንሻል» ብለው እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም። የልባቸውን ክኒን ጠዋትና ማታ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ዴቪድ ኤርፖርት ላይ፣ «እንዳትደነግጥ፣ እንዳትደክም» ብሎ አደራ ብሎኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ፊዮርዱ ውስጥ ገብተን ቆምን። በመስኮት ሳይ ተራራው ከውሃው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ በዚያ ሰመር በረዶ አለበት። ማዘር ኢንግሪድ ገላቸውን እየታጠቡ ሳለ የክፍላችን ስልክ ጮኸ። ዴቪድ ነበር። እሱ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፏል።

«ከድጃ፣ አክስቴ ሩት እየሞተች ነው። ከነገ አታልፍም ብለዋል። አሁንም ግን ትሰማለች። እማዬ ትደውልላት፤ ነርሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትይዝላታለች። ቁጥሩን ጻፊ።»

ጻፍኩ። «እሺ» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ። ማዘር ኢንግሪድ ፎጣ ጠምጥመው ወጡ። «ማን ነው?»

«ዴቪድ ነው። ሰላም ብሎዎታል። መልካም ጉዞ ብሏል።»

ወረቀቱን አጥፌ ጉርዴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ይህን ያደረግኩት ለክፋት አይደለም። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ ሰው፣ ብቻውን፣ በባዶ ሆዱ፣ በስልክ አይነገርም። ቤቱ ሲገባ፣ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ማልደው ሄደው፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው። አባቴ ኮምቦልቻ ሲሞት ሀያትን አርግዤ ነበር፤ ስምንት ወር ደበቁኝ። ካርድ ገዝቼ በደወልኩ ቁጥር «መስጊድ ሄዷል»፣ «ተኝቷል»፣ «ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል» ይሉኛል። ለዒድ ልብስ ይግዛ ብዬ ብር ላክሁ። ከወለድኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት እትዬ ሉባባ ከስድስት ሴቶች ጋር ቆማለች፣ አንዳቸውም ፈገግ አይሉም። ሳይናገሩ ገባኝ። ሁለቱ ያዙኝ፣ አንዷ ሕፃኗን ተቀበለችኝ። ውለታ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ስለዚህ ያን ጠዋት መርከቡ ላይ የሠራሁት ነገር ስሕተት ይሆናል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም። ተራራውን ይዩ፣ ቤታቸው ይግቡ፣ ከዚያ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ይነግራቸዋል አልኩ። ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን በኋላ እናገራለሁ።

በትንሽ ጀልባ ወደብ አወረዱን። አስጎብኚያችን ፀጉሯን የጎነጎነች ወጣት ናት። ደረታችን ላይ ቁጥር ለጥፋ ዐሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ላይ አሳፈረችን። «መርከቡ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ ንጉሥም ቢቀር አይጠብቅም» አለች፤ ሰው ሳቀ፣ እኔ ሰዓቴን አየሁ። መንገዱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ይመስላል፣ ልዩነቱ እኛ ሽቅብ መውጣታችን ነው። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር ጀርባው በአየር ላይ የሚንጠለጠል ይመስላል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ደገምኩ። ማዘር ኢንግሪድ ግን እንደ ሕፃን መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ነበር። ሾፌሩ የአኮርዲዮን ሙዚቃ ከፍቶ እሳቸው በጉሮሯቸው ይከተላሉ፤ ዘፈኑን እናታቸው ልብስ ሲያጥቡ ያንጎራጉሩት ነበር አሉኝ። ከላይ ሆኜ አንድ ጊዜ ዓይኔን ብገልጥ ያ ሁሉ መርከብ ውሃው ላይ የዑመርን የገላ መታጠቢያ መጫወቻ አክሎ ታየኝ። ተራራው ላይ ባለ ሆቴል የልብ ቅርጽ ያለው፣ ዋፍል የሚሉት ስስ ቂጣ ከጃምና ከቡናማ አይብ ጋር አበሉን። አይቡ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል። ማዘር ኢንግሪድ ግማሹን በናፕኪን ጠቅልለው፣ «ለሩት» ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የኔን መዋጥ አልቻልኩም። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት በጉርዴ በኩል ጭኔን የሚያቃጥለኝ መሰለኝ።

ስንመለስ ፏፏቴው ዘንድ ቆምን። እርሻው ላይ ዛሬ ሰው አይኖርበትም፤ የድንጋይ መሠረት ብቻ ቀርቷል። ውሃው ግን አለ። ከሰማይ የሚወርድ ነው የሚመስለው፤ ነጭ ሆኖ ይወድቃል፣ ጭሱ እስከ መንገዱ ድረስ ፊት ያረጥባል፣ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ማዘር ኢንግሪድ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እማዬ!» ብለው ጮኹ። ከአጠገባቸው ቆሜ በግድ ነው የሰማኋቸው። ዘወር ብለው፣ «አየሽ? ልክ ነበረች!» አሉኝ እየሳቁ፣ ፊታቸው በሙሉ ረጥቦ።

ከዚያ አስጎብኚዋን ጠሩ። ስልክ አለሽ ወይ አሏት። ልጅቷ ከኪሷ ሞባይል አወጣች። «እዚህ ይሠራል። ይደውሉ፣ የኔ ስጦታ ነው» አለች።

«ከድጃ፣ የሩትን ቁጥር አምጪ።»

ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ ነው። ልጅቷ ስልኳን ዘርግታ ቆማለች። ሰዓቴን አየሁ። «ማዘር፣ እዚያ እኮ ገና ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው» አልኩ። «ተኝተዋል። ነርሶቹም ይቆጣሉ። መርከብ ስንገባ ከክፍላችን እንደውል።»

«ሩት አትተኛም።»

«ታማሚ ናቸው፣ ይረፉ። ደግሞ አውቶቡሱ ሊነሣ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ያምኑኛል። ክኒናቸውን ከእጄ ይውጣሉ፣ ገላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። «ይሁን፣ እንዳልሽ» አሉ። ልጅቷ ስልኳን መልሳ ኪሷ ከተተች። አውቶቡስ ውስጥ ገብተን በሩ ሲዘጋ የውሃው ድምፅ ወዲያው ጠፋ።

ክፍላችን ስንገባ ስልኩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ እሳቸው ያውቁታል። መልእክቱን ሰሙና ለዴቪድ ደወሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ለማን ነገርክ?» ሲሉ ሰማሁ። ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጠዋት።»

«ከተራራው በፊት።»

«አዎ።»

«ሩት የሞተችው እኛ ከፏፏቴው ከሄድን ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እዚያ ስንቆም በሕይወት ነበረች።»

«አዎ፣ ማዘር።»

«ልጅቷም ስልኳን ዘርግታልኝ ነበር።»

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የእኛን ወግ አስረዳኋቸው። የአባቴን ነገር፣ ስምንቱን ወር፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሴቶች ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«በስልክ እየፈለግሽው ተኝቷል ሲሉሽ፣ ያ ጥሩ ነበር?»

«ለእኔ ብለው ነው።»

«ለማን ብለው እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። አንቺስ ዛሬ ለማን ብለሽ ነው?» አሉ።

በኋላ እናገራለሁ ያልኩት ይህ ነው። ወግ ብቻ አልነበረም። ብነግራቸው ልባቸው ይቆማል፣ በማላውቀው አገር፣ ተራራ ላይ፣ የሰው እናት እጄ ላይ ትሞታለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ለራሴ ፈርቼ ነው። አልመለስኩላቸውም። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ቦርሳቸውን ከፍተው በናፕኪን የተጠቀለለውን ዋፍል አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እስክንወርድ ድረስ እዚያው ነበር። በቀሩት ሦስት ቀናት ሹራባቸውን ስቆልፍላቸው አይከለክሉኝም፤ ምርኩዛቸውን ግን ከእጄ አልተቀበሉም፣ ራሳቸው ያነሡት ነበር።

ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ዴቪድ ኤርፖርት ሲቀበለን የእናቱን ሻንጣ ብቻ አነሣ። ቀብሩን እስክንመለስ አቆይቶት ነበር። ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ውስጥ ሰዉ ብስኩት በእጁ ይዞ ቆሞ ሲያወራ፣ እኔና እትዬ ሉባባ አንድ ትልቅ ድስት ሩዝና ሳምቡሳ ይዘን ደረስን። የት እንደምናስቀምጠው ግራ ገብቶን ስንቆም ማዘር ኢንግሪድ መጡ፤ ክንዴን ይዘው ለዘመዶቻቸው፣ «ይህች ከድጃ ናት። ፏፏቴው ዘንድ አብራኝ ነበረች» አሉ። ከዚያ ያለፈ አልጨመሩም። እኔ ግን ድስቱን ይዤ እዚያው አለቀስኩ።

ሥራዬን አልተውኩም። አንድ ቀን ጥፍራቸውን ስቆርጥላቸው፣ «ተራው ለእኔ ሲደርስ አንዲት ቃል እንዳትደብቂኝ» አሉኝ። ከሁለት ክረምት በኋላ ደረሰ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለዴቪድ በሹክሹክታ ሲናገር ሰማሁ። ስገባ፣ «ምን አለ?» አሉኝ። «ሁለት ሳምንት አይሞላም አለ» አልኳቸው። እጄን ጨበጥ አድርገው፣ «ስልኩን አምጪልኝ» አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ለወዳጅ ዘመዳቸው አንድ በአንድ ደወሉ፤ የተጣሉትን ታረቁ፣ የሚቀልዱበትን ቀለዱ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ ቁጥሩን እያነበበች የምትደውልላቸው ሀያት ነበረች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ምን እየሰማች እንደነበር ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ሀያት ዛሬ ነርስ ናት። ባለፈው ወር ወደዚያ ዳቦ ቤት የወሰደችኝ ለዳቦው አልነበረም። ጥግ ላይ አስቀምጣኝ፣ ዳቦውን ፊቴ አድርጋ፣ ሁለት እጄን ያዘች።

«ማም፣ አጎቴ ሰይድ በጣም ታሟል። ሪሊ ሲክ። ደሴ ሆስፒታል ነበር፣ አሁን ቤት መልሰውታል።»

ሰይድ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከእሱ ሌላ ወንድም እህት የቀረኝ የለም። «ማን ነገረሽ?»

«ልጁ። ለአንቺ እንዳልነግር አሉኝ። እናትሽ ብለድ ፕሬዠር አለባት፣ ቆይ ሰው ይሰብሰብ አሉ። ሰው አልሰበሰብኩም። ይቅርታ። እሱ ግን አሁን ይሰማል።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። እንዲህ በዳቦ ቤት፣ በሰው መሐል፣ ሥራ ሊገባ በሚሮጥ ሰው ፊት ይነገራል? የምትይዘኝ ሴት የት አለች? ቀና ስል ልጄ ስልኳን በተዘረጋ እጇ ይዛልኛለች፤ ቁጥሩን መታዋለች፣ የቀረው መንካት ብቻ ነው። ሰዓቴን ለማየት ዓይኔ ወደ እጄ ሲሄድ ያዝኩት። «ደውዪ» አልኳት።

ሰይድ ከዚያ በኋላ አራት ቀን ነው የቆየው። መርዶውንም በወጉ፣ በማለዳ፣ እትዬ ሉባባ በከዘራ እየተደገፈች መጥታ አረዳችኝ፤ እኔ ግን ልሰናበተው ደርሼ ነበር። ከዳቦ ቤቱ የደወልን ቀን ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገለት። መናገር አልቻለም ነበር፤ ትንፋሹ ብቻ ይመጣል። «ሰይዶ፣ እኔ ነኝ፣ ከድጃ ነኝ» አልኩ። ስለ ልጅነታችን፣ ስለ አባታችን፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አወራሁለት። ደሴ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ስልኩን ሞላው፣ ሌላ ነገር እስከማይሰማ ድረስ። እንዲሰማኝ ብዬ መጮኽ ጀመርኩ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ፤ አላፈርኩም። ያን የውሃ ድምፅ አውቀዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ፊቴን አርጥቦታል።

«ማም፣ ይሰማሻል?» አለችኝ ሀያት።

«ይሰማኛል» አልኳት። «እንዳትዘጊው።»